ቀልሎ የተመለሰው ምንጣፍ

ጥቁሩ ላስቲክ ሲቀደድ ከውስጡ የወጣው ጆንያ ነው።

ከላይ አንድ ዙር ያለቀለት ቀይ ጨርቅ ነበር። እሱ ሲገለጥ ጆንያ፣ ጆንያው ሲገለጥ ሌላ ጆንያ። መሀሉ ላይ ጥቅሉ እንዳይጎብጥ የተሰካ ቀርከሃ። ለሳሚያ ኒካህ ሽንኩርት ሊከትፉ በእናቷ በወይዘሮ ኡምኩልሱም ግቢ የተሰበሰቡት ሴቶች ቢላቸውን እንደጨበጡ ደርቀው ቀሩ። እኛ ስንደርስ የሚያለቅሱት ከሽንኩርቱ ይሁን ከምንጣፉ መለየት አይቻልም ነበር።

እኛ ስል ኢንስፔክተር ዓዲላና እኔ፣ ዋና ሳጅን ሣህሌ። ከሚሴ ውስጥ ስንቱን አለቃ ተቀብዬ ስንቱን ሸኝቻለሁ። እግሩን ገጥሞ ሰላምታ መስጠት ያስተማርኩት ሁሉ ዛሬ እኔን ሰላምታ ያሰጠኛል። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ይህንንም ዕድገት በመጣ ቁጥር የሚያስታውሰኝ አይጠፋም። ዓዲላ የጨፋ ገበሬ ልጅ ናት፣ ዲግሪ አላት፣ በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ አትበልጥም። ጋሽ ሣህሌ ብላ ታከብረኛለች። መኪናው ውስጥ ግን ከፊት የምትቀመጠው እሷ ናት።

"እማማ ኡምኩልሱም፣ ቀስ ብለው ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" አለቻቸው አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ።

"ምኑን ልንገርሽ ልጄ! የሰው አማና፣ የሰው አደራ በላች ሊሉኝ ነው። ያ ረቢ፣ በልጄ ኒካህ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠፈሩ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ አንድ ትልቅ ቀይ ምንጣፍ አለው። አረብ አገር የሠሩ የሠፈሩ ልጆች አዋጥተው የላኩት ነው። ሰው ሲሞትም ሲዳርም የሚነጠፈው እሱ ነው። ጠባቂዋ ኡምኩልሱም ናቸው፤ ከሌላ እንዳይቀየር ጥጉ ላይ በአረንጓዴ ክር የሰፉበትም እሳቸው። በየዓመቱ ሴቶቹ ቦርከና ወንዝ ወስደው እየዘፈኑ በእግራቸው እየረገጡ ያጥቡት ነበር። ዘንድሮ ግን በየመብራት ምሰሶው ወረቀት ተለጠፈ።

ሳሚያ አንዱን ገንጥላ አምጥታ ነበር። "ማንኛውም ምንጣፍ በዘመናዊ ማሽን በሁለት መቶ ብር! እስከ ዓርብ ብቻ!" ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

"ማን ይባላል ሰውየው?" አለች ዓዲላ።

"ኢንጂነር" አለች ሳሚያ።

"ስሙን ነው የምልሽ።"

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች። ስሙን የጠየቀ አልነበረም።

ሰውየው ነጭ ካፖርት ለብሶ መጣ። ምንጣፉን በብሩሽ አሸት አደረገና ብሩሹን ነጭ ሳህን ላይ አራገፈው። ከዚያ የወደቀውን በስልኩ አጉልቶ አሳያቸው፤ አውሬ! የሕፃን ሳንባ የሚበላ ተባይ ነው አላቸው። ሁለት መቶው የውሃ ብቻ ሆነ፣ መድኃኒቱ ለብቻው። "ጎረቤቶችሽ ሁሉ አሠርተዋል፤ የኒካህ እንግዳ እዚህ ላይ ልታስቀምጪ ነው?" አላቸው። ኡምኩልሱም ለሳሚያ ኒካህ ያስቀመጡትን ብር አውጥተው ከፈሉ። ጥቅሉ በላስቲክ ታሽጎ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ አብሮ መጣ፦ ሦስት ቀን እንዳይከፈት፣ መድኃኒቱ ይተናል።

ይህን እየሰማን ሳለ አያ ሙሳ ገቡ። የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ የሙሽራው የበድሩም አባት። ጆንያውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ኡምኩልሱም፣ እህቴ ነሽ። ክፉ አላስብብሽም፣ ወላሂ። ግን የቅሬው ዳኛ ነኝ። አማና ጠፍቶ የት እንደደረሰ ካልታወቀበት ቤት ገብቼ እንዴት ልጄን ኒካህ ላስር? ነገ ቅሬው ምን ይለኛል? ለእሑድ ምንጣፉ ይገኝ። ካልተገኘ እንግዳውን አትጥሩ።"

"በድሩስ ምን ይላል?" አለች ሳሚያ።

በድሩ ከአባቱ ጀርባ ነበር። ጫማውን ያያል። የሽንኩርት ግማሽ በረረና ደረቱን መታው። ያን ጊዜ ቀና አለ፤ "እኔ... ምንጣፉን ፍለጋ ልሂድ ወይ?" አለ።

"ሂዳ!" አሉት ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

ዓዲላ ይህን ሁሉ የሰማች አትመስልም። አንዱን ጆንያ አንስታ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አሸተተችው። ዲግሪ ላይ ጆንያ ማሽተት እንደሚያስተምሩ አላውቅም ነበር። አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችው።

"ምን አገኘሽ?" አልኳት።

"ልጅነቴን" አለችኝና ሄደች። አለቆቼ እንዲህ ነው የሚያደርጉኝ። ይነግሩኝ ይመስል ጠይቄ ሁሌ እንዲሁ እቀራለሁ።

*

ኢንጂነሩን ያገኘነው በመስተዋት የተከለለ የሆቴል በረንዳ ላይ ጥብስ እየበላ ነው። የሸሸ ሰው አይመስልም።

"አስረክቤያለሁ" አለ አጥንቱን እየጋጠ። "ሴትየዋ ተቀብላለች፣ ምስክር አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን የነበረው እሷ ቤት ነው። ሦስት ቀን ውስጥ ማን ፈታው፣ ማን ሸጠው፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ልጅ መዳር ወጪው ቀላል አይደለም፤ ይገባኛል።"

"አትክፈቱ ያልከው አንተ ነህ።"

"ለመድኃኒቱ ነዋ።"

"የት ነው የምታጥበው?"

"ዋናው ማጠቢያችን ነው።"

"ዋናው ማጠቢያ የት ነው?"

"ከከተማ ወጣ ብሎ። ኬሚካል ስላለው ሰው አይገባበትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አባት፣ ንፋስ እየገባ ነው፤ በሩን ዝጋው እስቲ።"

ዩኒፎርም ለብሻለሁ። ሦስት ምልክት ትከሻዬ ላይ አለ። ዓዲላ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። በሩን የዘጋሁት ከውጭ ሆኜ፣ በኃይል ነው።

"እሰሪው" አልኳት።

"በምን? የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። ሦስት ቀን እሳቸው ቤት ነበር። ምንጣፉ የጠፋው ከመመለሱ በፊት መሆኑን ካላሳየን የምትታሰረው ሴትየዋ ናት።"

*

ጥቅሉን ያመላለሰው ባለ ጋሪው ኸይረዲን ነው። ፈረሱን ውሃ ሲያጠጣ አገኘነው።

"አካም ጂርታ፣ ኢንስፔክተር!"

"ነጋ፣ ኸይሩ። ምንጣፉን ከየት ጫንከው?"

"ሲመለስ? ድልድዩ ጋ፣ መንገድ ዳር። እሱው ቆሞ ጠበቀኝ።"

"ጋሪው ላይ ማን ጫነው?"

"እኔ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ።"

"ሲወሰድስ?"

"ሲወሰድማ አራት ጎረምሳ ነው ያነሣው፤ ያወረድንለትም እዚያው ድልድዩ ጋ ነው። የአንዱ ወገብ እስከ ዛሬ አልተቃናም።"

ኸይረዲን ቀስ በቀስ ገባው፤ ባልዲውን አስቀመጠ።

"ጠየቅኩት እኮ! ለምን ቀለለ አልኩት። የከበደው ቆሻሻው ነበር፣ አሁን ወጣለት አለኝ። ወላሂ አመንኩት! ቤት ገብቼ እናቴን፣ 'የከሚሴ ሰው ስንት ኩንታል ቆሻሻ ላይ ተቀምጦ ኖሯል!' ብያታለሁ። ፈረሴ ብቻ ነው ያላመነው። ዞር ብሎ ጋሪውን አየው።"

ዓዲላ እስክትታጠፍ ሳቀች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ዋናው ነገር ግን ኡምኩልሱም ንጹሕ መሆናቸው ነው። ምንጣፉ እሳቸው ደጅ ሳይደርስ ነው ጆንያ የሆነው። ሮጠን ለአያ ሙሳ ነገርናቸው።

"ኸይረዲን የእህቷ ልጅ ነው" አሉ አያ ሙሳ። "ለአክስቱ ምን እንዲል ትጠብቃላችሁ? ፈረሱ ቢመሰክር ይሻላል። ምንጣፉን አምጡ።"

*

እኔ የራሴ ተጠርጣሪ ነበረኝ፤ ምንጣፍና ፍራሽ የሚሸጠው ደረጀ። ለቅሬው አዲስ ምንጣፍ ልሽጥላችሁ ብሎ ሲለማመጥ ከርሟል። አሮጌው ቢጠፋ ማን ይጠቀማል? ደግሞም ከእሱ ጋር የቆየ ሒሳብ አለን። አንድ ጊዜ የሸጠልኝ ፍራሽ በወሩ ተተርትሮ ልመልስ ብሄድ፣ ሰው በሞላበት፣ "ፖሊስ አይደለህ? ስፖንጁን እሰረው" ብሎኛል። አልረሳሁትም።

ከሱቁ ጓዳ ትልቅ ቀይ ጥቅል ቆሞ ሳይ ልቤ ዘለለ።

"አገኘሁህ!" አልኩት።

"ምኔን?"

ጎትቼ ዘረጋሁት። አራቱንም ጥግ በእጄ ዳበስኩ። አረንጓዴ ክር የለም። ይባስ ብሎ የዋጋው ወረቀት እንደተሰፋበት ነው። ደረጀ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያየኛል።

"ጨረስክ ሳጅን? እንግዲህ መልሰህ ጠቅልለው። ለመሆኑ ያ ሰውዬ ከመጣ ወዲህ አንድ ምንጣፍ እንዳልሸጥኩ ታውቃላችሁ? ተባዩ ከደረጀ ሱቅ ነው የመጣው እያለ አውርቶብኛል።"

እየጠቀለልኩ ነው። ላቤ ይንቆረቆራል። ዓዲላ ግን ዓይኗ በራ።

"ደረጀ፣ ይህንን ምንጣፍ ለአንድ ቀን ታውሰናለህ?"

"ለማን?"

"ለጋሽ ሣህሌ ቤት።"

ደረጀ እኔን አየኝ፣ ምንጣፉን አየ። "ለሰውየው ወጥመድ ከሆነ ይሁን። ፍራሹንም ጨምሩበት ብትሉኝ እሰጣለሁ።"

*

ባለቤቴ ወለተገብርኤል ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ደወለች። ወረቀቱ እስከ ዓርብ ይላል፤ ሰውየው ግን ቅዳሜ ጠዋት ከች አለ። ዓዲላ ከጎረቤት ግቢ ከኸይረዲን ጋሪ ጋር ተደብቃለች። እኔ ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ከጤፍ ማዳበሪያው ጋር ቆሜያለሁ።

"አይ ይሄ ምንጣፍ!" አለ ገና ከመግባቱ። "ስንት ዓመቱ ነው እትዬ?"

"አሥር ይሆነዋል" አለች። የዋጋውን ወረቀት የነቀልነው ከቁርስ በኋላ ነው።

"ያስታውቃል። ገና ከበሩ ሸተተኝ።"

"ሁለት መቶ ነው አይደል?"

"ሁለት መቶው የውሃው ነው። መጀመሪያ ተባዩን እንይ።"

ብሩሹን ምንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገና ሳህኑ ላይ መታ መታ አደረገው። ስልኩን አስጠግቶ አጎላው። በመጋረጃው ቀዳዳ እኔም አየሁ፤ አፍንጫው እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመ ቡናማ አውሬ። ምንጣፉ አዲስ መሆኑን እያወቅኩ እንኳ ገላዬን በላኝ።

"ልጆች አሉሽ?"

"አድገው ወጥተዋል።"

"ባልሽስ? ያስለዋል?"

"ያንኮራፋል።"

"በቃ! የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው። ሳንባው ጋ ደርሷል።"

የጤፉ ብናኝ አፍንጫዬ ገባ። አነጠስኩ።

"ምንድን ነው?" አለ ሰውየው።

"ድመቷ ናት" አለች ወለተገብርኤል።

"ድመትም ተባይ ታመጣለች። እሷም መድኃኒት ያስፈልጋታል።"

"መድኃኒቱ ስንት ነው?"

"እሱ ምንም አይደል፤ መጀመሪያ ሥራው ይሠራ።"

"አይ፣ መጀመሪያ ዋጋው ይነገር።"

"አራት ሺህ። ያውም ዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ እጥፍ ይሆናል።"

"ነገ ምን መጥቶ?"

"እ?"

"ነገ ምን መጥቶ ነው እጥፍ የሚሆነው?"

"መድኃኒቱ... ከውጭ ነው የሚገባው።"

"የምታጥቡበት ቦታ መጥቼ ልይ?"

"ኬሚካል አለው። ለሴት አይሆንም።"

"ባሌ ይምጣ እንግዲያ።"

"ባልሽ ምን ይሠራል?"

"እሱማ ምን ሥራ አለው ብለህ ነው። በር ላይ ይቆማል።"

ይህንን ዓዲላ አላስጠናቻትም። ከራሷ ነው ያመጣችው።

በመጨረሻ እሺ አለችው። ምንጣፉን ይዞት በመጣው ሌላ ጋሪ ላይ ጭኖ ሲወጣ፣ ከሳህኑ ያመለጠችውን አንዷን ተባይ በብርጭቆ ደፍታ ያዘቻት። ዓዲላ እየሮጠች ገብታ ብርጭቆውን አነሣች። ትንሿ አውሬ ያለ ስልኩ ስትታይ የጤፍ ፍሬ ሁለት ሦስት ብታክል ነው።

"ይህቺ ነች ሳንባ የምትበላው?" አለች ወለተገብርኤል ጎንበስ ብላ። "ነቀዝ አይደለችም እንዴ!"

ነቀዝ ናት። የማሽላ ነቀዝ። የከሚሴ ሴት ሁሉ በወንፊት ስትለቅማት የኖረችውን፣ አጉልቶ ስላሳያት ብቻ ከሳሎኗ ልትሸሽ ነበር።

"በብሩሹ እጀታ ውስጥ ነው የያዛቸው" አለች ዓዲላ። "ጋሽ ሣህሌ፣ ቶሎ!"

*

የጣቢያው መኪና ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ በኸይረዲን ጋሪ ተከተልነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ አዛዧ ግን ከኋላ ያለችው ዓዲላ ናት። ከከተማው ወጥተን በጨፋ ሜዳ ዳር ዳር፣ ማሽላው ግራና ቀኝ ከሰው በላይ ቆሞ፣ አንድ በማሽላ አገዳ የታጠረ ግቢ ደረስን። ሰውየው የተከራየው ነው። በአጥሩ ቀዳዳ አየን።

የግቢው መሀል ላይ ጎንበስ አለ። ጭድና አፈሩን ጠረገ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣ። የእህል ጉድጓድ ነው። የደረጀን ምንጣፍ በገመድ ሊያወርድ ሲል ዓዲላ ከኋላው ቆመች።

"ስምህ ማን ነው?"

ገመዱ ከእጁ አመለጠ። "ኢንጂነር..."

"ስምህን ነው የጠየቅኩህ። ከተማው ሁሉ ረስቶት የቀረ ጥያቄ ነው።"

ስሙን ተናገረ። እናቱ ደግ ሴት መሆኗን ጨምሮ ስለነገረን እኔ እዚህ አልጽፈውም። ነጩ ካፖርቱ በአፈር ተለውሶ ሲቆም ኢንጂነርነቱ ሁሉ ረገፈ። እኔም እጁን ካሰርኩት በኋላ ቀስ ብዬ፣ "አባት፣ ንፋስ እንዳይገባብህ" አልኩት። ብዙ አልተናገርኩም። ያቺው በቃችኝ።

ወዲያው ልገባ ስል ዓዲላ ክንዴን ያዘችኝ። "ጉድጓድ ሳይተነፍስ አይገባም ጋሽ ሣህሌ፤ አየሩ ይገድላል።" ቆመን ጠበቅን። ከጉድጓዱ አፍ የታፈነ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ወጣ። ያን ያሸተተችውን ጆንያ ከጋሪው አምጥታ ሰጠችኝ። አሸተትኩ። ያው ሽታ ነው።

"የጉድጓድ ማሽላ" አለች። "አባቴ ጉድጓድ ሲከፍት አፍንጫዬን ይዤ የምሸሸው እኔ ነበርኩ። እማማ ኡምኩልሱም ግቢ ጆንያውን ሳነሣ ያው ሽታ መታኝ።"

"ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?"

"ጨፋ ላይ ጉድጓድ የሌለው ግቢ አለ? የማንን ልክፈት? ሰውየው ራሱ መርቶ እንዲያመጣን ነው። ለአንተ ያልነገርኩህ..." ፈገግ አለች፤ "ሆቴሉ በረንዳ ላይ ትነግረው ነበር።"

እውነቷን ነው፤ እነግረው ነበር።

መብራት አውርደን አየን፣ ከዚያ ኸይረዲን በገመድ ወረደ። አንድ ምንጣፍ ወጣ። ሌላ ወጣ። የአስተማሪዋ፣ የፋርማሲዋ ሴት፣ የሁለት ሙሽሮች፤ ሁሉም ጥቅላቸውን ገና ያልፈቱ ናቸው። ሰኞ ባቲ ገበያ ሊያወጣቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ከታች ድምፅ መጣ።

"ኢንስፔክተር! ይሄኛው አይነሣም! ብቻዬን አልችልም!"

"አልሐምዱሊላህ" አለች ዓዲላ። "የቅሬው ነው።"

ስናወጣው አራት ሆነን ነው፤ አራተኛው በድሩ ነው። በየመንደሩ ሲፈልግ ውሎ፣ የኸይረዲንን ጋሪ አይቶ፣ አቧራ ሆኖ ደርሶ ነበር። ጥጉን ገለጠ። አረንጓዴው ክር አለ። ልጁ ክሩን ሳመው።

*

እሑድ ግቢው ሞላ። ምንጣፉ ሲነጠፍ እልልታው እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ሳሚያ ከሴቶቹ መሀል ሆና ጎንበስ ብላ አየችና ጮኸች።

"እማ! ይሄ የመውሊድ ጊዜ የፈሰሰው ወጥ አይደል?"

ነው። ሰውየው ጠብታ ውሃ አላስነካውም። እንኳን መድኃኒት፣ ትቢያውን አላራገፈለትም። ሳቁ ሲበርድ አያ ሙሳ በሰው ሁሉ ፊት ተነሡ።

"ኡምኩልሱም፣ እህቴ፣ ተሳስቻለሁ። አውፍ በይኝ።"

"አውፍ ብያለሁ" አሉ ኡምኩልሱም። "ግን ማታ ምንጣፉን የምትጠቀልለው አንተ ነህ፤ ክብደቱን እንድታውቀው።"

ኒካሁ ታሰረ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ በሩ፣ ጫማ ወደሚወልቅበት ሄድኩ። ይህ ቦታዬ ነው፤ በስንት ሠርግ፣ በስንት ሐዘን እዚያ ነው የተቀመጥኩት። ማንም ሂድ ብሎኝ አያውቅም፣ ማንም ና ብሎኝም አያውቅም።

"ሣህሌ!" አሉ አያ ሙሳ ምንጣፉን በመዳፋቸው እየመቱ። "እዚያ ምን ታደርጋለህ? ኮቱ! መሀል ና!"

ሰው ጠጋ ጠጋ አለልኝ። መሀል ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ወጡ የፈሰሰበት ነው። ተቀመጥኩበት። ከሴቶቹ በኩል የወለተገብርኤል ድምፅ መጣ፤ "በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ዛሬ ተቀመጠ!" ደረጀ ሳይቀር ሳቀ። ዓዲላ ከሩቅ እጇን አነሣችልኝ።

ቅዳሜ ሴቶቹ እንደ ድሮው ምንጣፉን ይዘው ቦርከና ይወርዳሉ። እኔም እሄዳለሁ ብያቸዋለሁ። የወጡን ቦታ የምረግጠው እኔ ነኝ።